በጎጃም ምድር ተራራን ከኮረብታ ለይቶ ለማወቅ

ጮቄ ተራራ መሆኑን የሚጠራጠር ሰው የለም፤ በባሕር ዳር ያለችው ቤዛዊትም ኮረብታ መሆኗን እንዲሁ። የሚያከራክረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ብዙ ከፍታ ነው። የወረዳውን መግለጫ የሚያዘጋጅ ባለሙያ፣ ለተማሪዎቹ የመስክ ትምህርት የሚያቅድ የጂኦግራፊ መምህር፣ እንግዳ ይዞ የሚወጣ አስጎብኚ፣ ሁሉም አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። መልሱ በዓይን ግምት ብቻ ሲሰጥ አንዱ ጽሑፍ ተራራ ያለውን ሌላው ኮረብታ ይለዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱ አንዱን ይገለብጣል። ስለ አገራችን የሚጻፈው ነገር እንዲታመን ከተፈለገ ግምቱ በልኬት መተካት ይኖርበታል፤ ልኬቱም ጥቂት ዝግጅትና ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉ ሊያከናውነው የሚችል ነው።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት በዓለም ላይ ሁሉም የተስማማበት አንድ ወሰን አለመኖሩ ነው። በብሪታንያ በተለምዶ 2,000 ጫማ ማለትም 610 ሜትር ገደማ የደረሰ ከፍታ ተራራ ይባላል። በአሜሪካ 1,000 ጫማ ወይም 305 ሜትር ገደማ እንደ ወሰን ሲያገለግል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተተወ ሲሆን፣ የአገሪቱ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤትም ዛሬ በሁለቱ መካከል ይፋዊ መለያ እንደሌለ ይገልጻል። በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ሥር ያለው የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ክትትል ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2000 የተጠቀመበት አመዳደብ ከሁሉም ይልቅ ዝርዝር አለው። በዚህ አመዳደብ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ መሬት ሁሉ ተራራማ ተብሎ ይቆጠራል፤ ከ1,500 እስከ 2,500 ሜትር ያለው መሬት ቢያንስ 2 ዲግሪ ተዳፋትነት ሊኖረው ይገባል፤ ከ1,000 እስከ 1,500 ሜትር ያለው 5 ዲግሪ ተዳፋትነት ወይም በ7 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ውስጥ ከ300 ሜትር የበለጠ የከፍታ ልዩነት ይጠየቃል፤ ከዚያ በታች እስከ 300 ሜትር ድረስ ላለው መሬት ደግሞ ይኸው የ300 ሜትር ልዩነት ብቻ መለያ ይሆናል።

ይህ አመዳደብ የተዘጋጀው የዓለምን ተራራማ ምድር በጠቅላላው ለመተመን እንጂ ለአንድ ከፍታ ስም ለመስጠት አይደለም፤ ስለዚህ በጎጃም ላይ እንዳለ ቢውል ያሳስታል። በአገው ምድር ከ2,500 ሜትር በላይ ያለ ሜዳማ የገብስና የድንች ማሳ በከፍታው ብቻ ከተራራ ጋር ሊቆጠር ነው፤ ከዓባይ ቆላ ብድግ ብሎ የቆመ ገደላማ ከፍታ ግን ከባሕር ወለል ያለው ርቀት አነስተኛ ስለሆነ ብቻ ተጨማሪ መመዘኛ ሊጠየቅ ነው። የደብረ ማርቆስ ከተማ ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ከተሞች ግን በሰፋፊ ሜዳ ላይ ያሉ ናቸው። እንግዲህ በእኛ አገር ከባሕር ወለል የሚቆጠረው ቁጥር ስለ አየሩና ስለ ሰብሉ ብዙ ይነግረናል፤ ተራራውን ከኮረብታው ለመለየት ግን መቁጠር የሚገባን ከግርጌው ነው። የዚህ ሁሉ ሥራ መሠረት እርሱ በመሆኑ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።

ግርጌውን መወሰን

ግርጌ የሚባለው አቀበቱ የሚጀምርበትና ሜዳው የሚያበቃበት ቦታ ነው። ብቻውን ከሜዳ ላይ በቆመ ከፍታ ይህን ማግኘት ቀላል ነው፤ በኢንጅባራና በዳንግላ አካባቢ የሚታዩትን ከእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ሾጣጣ ከፍታዎች ዙሪያቸውን ዞሮ የተመለከተ ሰው አቀበቱ የት እንደሚጀምር ለመናገር አይቸገርም። ችግሩ የሚመጣው ከፍታው ከሌላ ከፍታ ጋር ሲያያዝ ነው። በአንድ በኩል ወደ ወንዝ የሚወርድ፣ በሌላ በኩል ወደ ትልቁ ሰንሰለት የሚቀጥል ከፍታ ሁለት ግርጌ ያለው ይመስላል፤ ወደ ወንዙ የሚወርደው 500 ሜትር ቢሆን፣ ወደ ሰንሰለቱ የሚያያዘው ዝቅታ ደግሞ ከአናቱ 60 ሜትር ብቻ ቢርቅ፣ የትኛውን እንያዝ? ትክክለኛው አሠራር ሁለቱንም መለካት ነው። ከአናቱ ተነሥቶ ከእርሱ ወደሚበልጠው ከፍታ በሚወስደው መንገድ ላይ የግድ መውረድ የሚያስፈልገው እስከ የት ድረስ እንደሆነ ይታያል፤ ያ ዝቅታ ከአናቱ ያለው ርቀት ከፍታው ራሱን ችሎ የቆመ መሆኑን ወይም የትልቁ ተራራ አንድ ጫፍ መሆኑን ይናገራል። በጮቄ ላይ ከ3,900 ሜትር በላይ ያለ አንድ ጉብታ ከአጠገቡ ካለው ዝቅታ 60 ሜትር ብቻ ቢነሣ፣ ያ ጉብታ ራሱን የቻለ ተራራ ሊባል አይገባም፤ ከጮቄ ጫፎች አንዱ ነው። በጽሑፍም እንዲሁ ተብሎ ቢመዘገብ አንባቢው አይሳሳትም።

በዓባይ በረሃ ዙሪያ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ በድልድዩ አጠገብ የቆመ መንገደኛ ወደ ደጀን ቀና ብሎ ሲመለከት ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ግድግዳ ይታየዋል። እግሩ ሥር ካለው ወንዝ ቢቆጠር ይህ ከብዙ የታወቁ ተራሮች ይበልጣል፤ ሆኖም አቀበቱን ጨርሶ ደጀን ሲደርስ የሚያገኘው የጤፍና የስንዴ ሜዳ ነው። ይህ የሸለቆ ግድግዳ እንጂ ተራራ አይደለም፤ መሬቱ አልተነሣም፣ ወንዙ ነው ቆፍሮ የወረደው። ስለዚህ ከፍታው በአራቱም አቅጣጫ ቁልቁል የሚወርድ መሆኑን ሳያረጋግጡ ስም መስጠት ተገቢ አይደለም። አንዳንዶች በካርታ ላይ በአናቱ ዙሪያ ራዲየሱ 7 ኪሎ ሜትር የሆነ ክብ አሥምረው በክቡ ውስጥ ያለውን ዝቅተኛ ቦታ እንደ ግርጌ ይወስዳሉ። ዘዴው ለሜዳ አገር ጥሩ ነው፤ በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች አጠገብ ግን ክቡ የሸለቆውን ወለል ስለሚነካ ትንሹን ኮረብታ ያለ ልኩ ያገዝፈዋል። በእንዲህ ያለው ስፍራ እኔ የምመክረው ሰው የሚያርስበትንና መንደር የሠራበትን የደጋውን ወለል እንደ ግርጌ መውሰድ ነው።

አምባም ከዚሁ ጋር መታየት አለበት። አናቱ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ከፍታ በቅርጹ ከኮረብታም ከሾጣጣ ተራራም ስለሚለይ፣ ከግርጌው ያለውን ከፍታ ከለኩ በኋላ አምባነቱን በመግለጫው ላይ መጨመር ይገባል፤ ገደሉ የሚያስፈራ ስለሆነ ብቻ ልኬቱን ከፍ ማድረግ ግን አይገባም።

ከፍታውን መለካት

ቀላሉ መንገድ ካርታ ነው። የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ኤጀንሲ ያዘጋጃቸው የ1፡50,000 ካርታዎች እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዙ ኮንቱር መስመሮች አሏቸው። መስመሮቹ በስንት ሜትር ልዩነት እንደተሣሉ በካርታው ግርጌ ተጽፎ ስለሚገኝ ከመቁጠር በፊት ያንን ማንበብ ያስፈልጋል። ልዩነቱ 20 ሜትር ከሆነ ከግርጌው እስከ አናቱ 15 እርከን ቢቆጠር ከፍታው 300 ሜትር ይደርሳል ማለት ነው። መስመሮቹ በተጠጋጉበት በኩል ተዳፋቱ ይከብዳል፤ በተራራቁበት በኩል ይለዝባል፤ በመሆኑም ካርታው የከፍታውንም የተዳፋቱንም ነገር በአንድ ጊዜ ያሳያል። ካርታውን ሳያዩ ወደ መስክ መውጣት ጉልበት ማባከን ነው።

በእጅ ስልክ ላይ ያለው ጂፒኤስም ይረዳል፤ ይሁን እንጂ ጂፒኤስ በጎን አቅጣጫ ከሚያሳየው ስሕተት ይልቅ በከፍታ የሚያሳየው እንደሚበልጥ መዘንጋት የለበትም። መፍትሔው ግርጌውንና አናቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ መሣሪያ መለካት፣ በየቦታውም ጥቂት ደቂቃ ቆሞ ቁጥሩ እስኪረጋ መጠበቅ ነው። እኛ የምንፈልገው ልዩነቱን ስለሆነ መሣሪያው በሁለቱም ቦታ በአንድ አቅጣጫ ቢሳሳት ስሕተቱ በመቀናነሱ ውስጥ ይጠፋል። በአየር ግፊት የሚሠራ የከፍታ መለኪያ ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ማስተዋል ይኖርበታል። በእኛ አገር የአየር ግፊት በየዕለቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል፤ በዚህ የተነሣ በአንድ ቦታ የተቀመጠ መለኪያ እንኳ በጠዋትና በከሰዓት መካከል በአሥሮች የሚቆጠር ሜትር ልዩነት ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ከግርጌው ተነሥቶ አናቱን ከለኩ በኋላ ተመልሶ ግርጌውን እንደገና መለካት፣ የሁለቱን የግርጌ ቁጥሮች አማካይም መውሰድ ያስፈልጋል።

ካርታም ስልክም በሌለበት፣ ወይም ተማሪዎች ሒሳቡን በተግባር እንዲያዩ በሚፈለግበት ጊዜ፣ በፕሮትራክተር፣ በክርና በጠጠር መለካት ይቻላል፤ ለትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ የመስክ ልምምድ አላውቅም። ክሩ ጠጠሩን ይዞ ከፕሮትራክተሩ መሐል እንዲንጠለጠል ይደረጋል። በፕሮትራክተሩ ቀጥ ያለ ጠርዝ አናቱን ሲያነጣጥሩ ክሩ ከ90 ዲግሪው መስመር የራቀበት መጠን ወደ ላይ የሚታይበት ማዕዘን ነው። ልኬቱ በሁለት ቦታ ይደረጋል፤ ሁለቱ ቦታዎች በግርጌው ከፍታ ባለ ሜዳ ላይ፣ ከአናቱ ጋር በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። ለምሳሌ ከሩቁ ቦታ ማዕዘኑ 10 ዲግሪ ሆኖ፣ 300 ሜትር ወደ ከፍታው ከተጠጉ በኋላ 14 ዲግሪ ቢሆን፣ 1ን ለ10 ዲግሪ ታንጀንት ስናካፍል 5.67፣ 1ን ለ14 ዲግሪ ታንጀንት ስናካፍል 4.01 እናገኛለን። ልዩነታቸው 1.66 ነው። 300 ለ1.66 ሲካፈል 181 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የለካው ሰው ዓይን ከመሬት ያለው ከፍታ ሲጨመርበት የከፍታው ልክ ይገኛል። የአንድ ዲግሪ ስሕተት ውጤቱን በብዙ ስለሚያዛባው ልኬቱን ሦስትና አራት ጊዜ መደጋገም፣ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለውንም ርቀት በእርምጃ ሳይሆን በሜትር መለካት ይገባል።

በጎጃም ብዙ ኮረብታዎች አናት ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ዙሪያውንም ረጃጅም ጽድና ወይራ ከብቦታል። ሲያነጣጥሩ የዛፉን ጫፍ ሳይሆን የመሬቱን አናት መሆን አለበት፤ ለትንሽ ኮረብታ የዛፎቹ ቁመት ቀላል የማይባል ስሕተት ያመጣል። በአዊ ደግሞ ዲከረንስ የተባለው የግራር ዝርያ የተተከለባቸው ኮረብታዎች ዛፉ ሲደርስ ከፍ ብለው፣ ሲቆረጥ ዝቅ ብለው ይታያሉ። መሣሪያ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ለመግባት አስቀድሞ ከአገልጋዮቹ ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው። ለሥራው የሚመቸው ወራት ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ አየሩ ጥርት ስለሚል አናቱ ከሩቅ በግልጽ ይታያል።

ከልኬቱ በኋላ

ከግርጌው 600 ሜትርና ከዚያ በላይ ተነሥቶ በሁሉም አቅጣጫ የሚወርደውን ከፍታ ያለ ተጨማሪ ምርመራ ተራራ ማለት ይቻላል። ከ300 ሜትር በታች የሆነውን ኮረብታ፣ ከ50 ሜትር የማያልፈውን ደግሞ ጉብታ ማለት ተገቢ ነው፤ የመጨረሻው ቁጥር የራሴ ምርጫ ሲሆን ሌሎቹ ሁለቱ ከላይ ከተጠቀሱት የውጭ አገር ወሰኖች ጋር የሚቀራረቡ ናቸው። ከ300 እስከ 600 ሜትር ያለው ነው ሌላ ማስረጃ የሚፈልገው።

ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚጠራው ማስረጃ የተዳፋቱን ክብደት ነው፤ ተራራ ይከብዳል፣ ኮረብታ ይለዝባል ይባላል። በጎጃም ይህ ብቻውን አይሠራም። ጮቄ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀጭን ላቫ በተደጋጋሚ እየፈሰሰ የገነባው፣ እንደ ተደፋ ጋሻ የተንጣለለ እሳተ ገሞራ ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከ አናቱ በአየር መስመር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በዚህ ርቀት የሚነሣው 1,650 ሜትር ያህል ነው፤ ይህም በአማካይ በየ100 ሜትሩ 4 ሜትር ብቻ ማለት ነው። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አቀበት እየወጣ መሆኑን እንኳ ላያስተውል ይችላል። በአንጻሩ አንዳንድ ትንሽ ሾጣጣ ኮረብታ እጅግ ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ተዳፋቱ ከፍታው በሚያከራክርበት ጊዜ ብቻ፣ ያውም ከሌላ ማስረጃ ጋር ተደምሮ፣ ሊመዘን ይገባል።

ከሁሉ የበለጠ ክብደት የምሰጠው ለአየሩና ለሰብሉ ለውጥ ነው። አንድ ሰው 1,000 ሜትር ወደ ላይ ሲወጣ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይቀንሳል። በ300 ሜትር የሚመጣው ለውጥ 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ በኮረብታ ግርጌና አናት ላይ ያለው ገበሬ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ሰብል በአንድ ሰሞን ይዘራል። በ600 ሜትር ልዩነቱ ወደ 4 ዲግሪ ይጠጋል፤ ያን ጊዜ ግርጌ ላይ የደረሰው እህል አናት ላይ ገና እሸት ሆኖ ይገኛል፣ ወይም ጭራሹን ሌላ ሰብል ይበቅላል። ጮቄ ላይ ይህ በግልጽ ይነበባል፤ ከሥር ጤፍ፣ ከፍ ሲሉ ስንዴ፣ ከዚያ ገብስና ድንች፣ ከዚያም በላይ እርሻው ሲያበቃ አስታ፣ ጓሳና ጅባራ ይተካሉ። እንግዲህ ከ300 እስከ 600 ሜትር ባለ ከፍታ ላይ የምትጠይቁት ሰው የዘር ጊዜና የአጨዳ ጊዜ በግርጌና በአናት እንደሚለያይ ቢነግራችሁ፣ ይህ ለተራራነት የሚቆም ጠንካራ ምስክር ነው። ለዚህ የአካባቢውን አዛውንት ገበሬዎች ከመጠየቅ የተሻለ መሣሪያ የለም።

ውኃውም ይናገራል። ተራራ ደመናን ወደ ላይ ገፍቶ ዝናብ እንዲጥል ስለሚያደርግና ሰፊ ገጽ ስላለው ወንዞችን ወደ ብዙ አቅጣጫ ይልካል፤ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋና ጀደብ ሁሉም ከጮቄ ተነሥተው ወደ ዓባይ የሚወርዱ ናቸው። ኮረብታ ግን ዝናቡን ወዲያው አፍስሶ ይደርቃል፤ በበጋ የሚፈስ ወንዝ ከእርሱ እምብዛም አይነሣም። ሆኖም ምንጭ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ውኃ ከመሬት ውስጥ ርቆ ተጉዞ በትንሽ ከፍታ ሥር ሊፈልቅ ይችላል። መታየት ያለበት የወንዞቹ ቁጥርና የሚወርዱበት አቅጣጫ ብዛት ነው።

የከፍታው ዝና፣ ታሪኩና የሚጠራበት ስም በዚህ ምዘና ውስጥ ሊገቡ አይገባም። በላያ በ1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኦሜድላ ወደ ጎጃም ሲመለሱ የሰፈሩበት በመሆኑ በታሪክ የታወቀ ነው፤ ተራራ የሚያሰኘው ግን ከምዕራቡ ቆላ ላይ ብቻውን ገዝፎ መነሣቱ ነው፤ ታሪኩ ባይኖርም ተራራነቱ አይቀርም ነበር። ከባሕር ወለል ሲለካ ከጮቄ በብዙ ያንሳል፤ ግርጌው ቆላ ስለሆነ ግን ከሥሩ ለሚያየው ሰው ግዝፈቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ውሳኔውን ስትመዘግቡ ስሙን ብቻ አትጻፉ። የአናቱን ከፍታ፣ ግርጌ ብላችሁ የወሰዳችሁትን ቦታና የእርሱን ከፍታ፣ ወደ ከፍተኛው ጎረቤት የሚወስደውን ዝቅታ፣ የለካችሁበትን መሣሪያና ቀን አብራችሁ አስፍሩ። የጮቄ ከፍታ በአንዱ ጽሑፍ 4,070፣ በሌላው 4,100 ሜትር ተብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ ከቁጥሮቹ አጠገብ በምን እንደተለኩና የትኛው ጫፍ እንደተለካ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይጻፍ አንባቢው የትኛውን እንደሚይዝ ለመወሰን ይቸገራል። የእናንተ መዝገብ እነዚህን ከያዘ፣ 600 ሜትሩን ወሰን የማይቀበል ሌላ ባለሙያ እንኳ ቁጥሮቻችሁን ወስዶ በራሱ ወሰን እንደገና ሊመዝናቸው ይችላል።